የአራሚው እርሳስ

ማታ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው መጽሐፍ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአያቷ የሻይ ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጦ ስታየው ሚጣ መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ገለጥ ስታደርገው ነው ፊቷ የተለዋወጠው። እናቷን የጠራችበት ድምፅ እናትየዋን የጥርስ ብሩሿን ከአፏ ሳታወጣ ከመታጠቢያ ቤት እያስሮጠ አመጣት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ግራና ቀኙ ኅዳግ በደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ቃላት ተሰርዘዋል፤ መስመሮች ተከበዋል፤ ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ቀጫጭን ቀስቶች ይሮጣሉ። ሽማግሌው አያቷ ጺሙን ተላጭቶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ላይ ዳቦውን በሻይ እያራሰ ይበላል።

«አያዬ፣ ለምን?» አለችው ሚጣ።

ሽማግሌው የጎረሰውን አላምጦ እስኪውጥ አስጠበቃትና «ስህተት ነበረበት» አለ።

መጽሐፉ የሚጣ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ለሁለት ተማሪ አንድ እየተደረገ የታደለ። የጫረበት ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሌላ መጽሐፍ አይሰጠውም፤ ረዳት ርእሰ መምህሯ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ከሁሉ የከፋው ቀኑ ዛሬ መሆኑ ነው። ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለክፍሉ ጮክ ብላ እንድታነብ የተመረጠችው ሚጣ ናት። ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ነው የከረመችው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ማለትም እናቷና ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛው አያቷ፣ ታሪኩን ሳይወዱ በግድ ሰምተውታል።

ልብ ወለድ ነው። ናዚዎች አይሁዶችን ከየቤታቸው እየለቀሙ በባቡር ወደ ሞት ሲያግዙ በነበረበት ዘመን ስለኖሩ ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ልጆች ይተርካል። ወንድምየው አሥር ዓመቱ፣ እህትየው ስድስት። ባቡሩ ሲቆም ወታደር እህቱን ከእጁ መንጭቆ ይወስድበታል፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ውስጥ በካፖርቷ ቁልፍ ለይቷት ይገናኛሉ። ሚጣ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ እሱንም ጭምር ተለማምዳዋለች።

እናትየዋ አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን ፍርፋሪውን በጣቱ ጫፍ እየለቀመ ነበር። ልታዝንበትም ልትስቅበትም ቃጣት። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት የሠራ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም እርሳሱ ጡረታ አልወጣም። የመድኃኒት ወረቀት ያርማል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የኀዘን ማስታወቂያ ያርማል። ልጃገረድ ሳለች አንድ ጎረምሳ የጻፈላትን የፍቅር ደብዳቤ ከደብተሯ መሐል አግኝቶ አንድም ቃል ሳይናገር ሰባት ስህተቱን አውጥቶ መልሶ አስቀምጦላታል፤ ልጁን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ማየት አልቻለችም። የሠርጓንም ጥሪ ካርድ ሁለት ግድፈት አግኝቶበት እንደገና አሳትሞታል። ታዲያ ዛሬ ምን ይገርማል?

«ተዪው፣ እርሳስ እኮ ነው» አለቻት ልጇን። «ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ አጸዳዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እጅሽ ይገባል።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ። የሆነ ነገር ሊል መሰላት። ከዚያ ክኒኖቹን ከብልቃጡ መዳፉ ላይ አፈሰሰና መቁጠር ጀመረ። የሚቆጥረው በዚያ በልጅነቱ ቋንቋ ነው። በመርከብ ተጭኖ፣ ወላጅ አልባ ሆኖ ወደዚህ አገር የመጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ ተወላጆቹን እስከ ማረም ደርሷል፤ ለቁጥር ግን የድሮውን ትቶ አያውቅም። ደረጃ ሲወጣ፣ ስኳር ሲጨምር፣ ክኒን ሲቆጥር። ለልጁ ከዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አላስተማራትም፤ እሷ ግን ከማጉረምረሙ እስከ አሥር ለቅማ ለምዳለች። ከዚያ ሕይወቱ የምታውቀውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ገና ትንሽ ሳለች ስለ ዘመዶቹ ብትጠይቀው «አልቀዋል» ብሏት፣ እሷም ቃሉ እንዳለቀ ነገር ተቀብላው ኖራለች።

እናትየዋ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች፤ አልከፈተችውም። የአባቷን እርማት አለማንበብ የቆየ ልማዷ ነው። በልጅነቷ የእሱ አንባቢ ነበረች። ከትምህርት ቤት መልስ ከጠረጴዛው ግራ ትቀመጥና ረቂቁን ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ እሱ በእርሳሱ ጫፍ የሙከራ ህትመቱን እየተከተለ ያነጻጽራል። ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ይነበባል፤ «ሚኒስትሩ ነጠላ ሰረዝ ትናንት ነጠላ ሰረዝ» እያለች። ምልክቶቹን ያኔ ነው የተማረችው። የተጠመዘዘው ጭራ ይውጣ ማለት ነው። ማዕበሉ ቦታ ይለዋወጡ ማለት ነው። ከተሰረዘ ቃል ሥር የሚደረደሩት ነጠብጣቦች ደግሞ፣ ሰርዤ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ እንደነበረ ይቆይ ማለት ነው። ገጹ ሲያልቅ በኅዳጉ ላይ የስህተቱን ብዛት በቁጥር ያሰፍርበታል። አባትና ልጅ ለዓመታት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተነጋግረዋል፤ የተነጋገሩት ሁሉ ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ነበር።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ከፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ ግድግዳው ላይ ዓይን የሌላቸው ክፈፎች በረድፍ፣ ከጀርባ ሌንስ የሚሞርደው ሰውዬ ከነማሽኑ። ነጭ ጋዋን ስለማያወልቅ ዶክተር ይሉታል፤ ለቀልድ የወጣለት ቢሆንም እሱ አምኖበታል። ጠዋት ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ከመሳቢያዋ ለስላሳ ላጲስ አወጣችና ከገጽ አንድ ጀመረች። አባቷ ወረቀት ሳይጎዳ መጻፍ የተማረ ሰው ስለሆነ እርሳሱ ወረቀቱን እንደ ነገሩ ነክቶት ነው ያለፈው፤ አንዴ ሲታሽ ይለቃል። ማንበብ አላስፈለጋትም። ዓይኗ ቃል ሳይሆን ጭረት ነበር የሚያየው። በብዙ ገጾች ኅዳግ ላይ 3 የሚል ቁጥር አየችና በየገጹ ሦስት ሦስት ስህተት መገኘቱ ለአሳታሚው አሳዘናት፤ ለልጅ መጽሐፍ ማን ይጠነቀቃል ብላም አጠፋችው። ስልክ አነሳች፤ ለአንድ ተማሪ የተጣመመ ክንድ አቀናች፤ ተመልሳ ላጲሷን ያዘች። የላጲሱ ፍርፋሪ በባንኮኒው መስታወት ላይ እንደ ደቃቅ ትል ተከማቸ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገጽ መቶ አሥራ ስምንት ደርሳ ነበር።

ያኔ አንዲት አሮጊት ገቡ። የማንበቢያ መነጽር ፈልገው ነው የመጡት፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አደረጉ። «ለሁለት ሽቦና ለሁለት ብርጭቆ ይሄን ያህል? በዚህ ዋጋ እኮ ዓይኑንም ጨምራችሁ መስጠት ነበረባችሁ» አሏት። ዶክተር ከጀርባ ሆኖ ዓይን እንዳለቀ፣ ሐሙስ እንደሚገባ ነገራቸው። ሴትዮዋ ሳቁና ክፈፎቹን አንድ በአንድ እየሞከሩ ቆዩ። ሦስተኛውን ሲያደርጉ የሚሞክሩበት ጽሑፍ ፈልገው ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ የተቀመጠውን መጽሐፍ ወደራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ይሄ ትልቁስ ያለ መነጽርም ይታየኛል» አሉ። «እስቲ ይቺን ደቃቋን።» ጣታቸውን ኅዳጉ ላይ አሳርፈው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ቃል በቃል አነበቡ። «ማንም… አልነጠቀኝም። አዝያት… ነበር። ደክሞኝ… አወረድኳት።» ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «ይኸው፣ አነበብኩት። ይሄ ይሁንልኝ የኔ ልጅ።»

እናትየዋ መነጽሩን እንዴት እንደጠቀለለችላቸው፣ መልስ ሰጥታ ይሁን ሳትሰጥ፣ በኋላ አላስታወሰችም። አሮጊቷ ሲወጡ መጽሐፉን ወደራሷ አዞረችው። «ወታደሩ ትንሿን እህቱን ከእጁ መንጭቆ ወሰዳት» የሚለው መስመር ተሰርዟል፤ ከጎኑ ያቺ ደቃቅ ጽሑፍ አለች። አባቷ በሥራው ላይ «እኔ» ብሎ ጽፎ አያውቅም። አራሚ እኔ አይልም፤ ይህንን ራሱ ነው ያስተማራት። ወደ ኋላ ገለጠች። ንጹሕ። ሌላ ገለጠች። ንጹሕ። መቶ አሥራ ስምንት ገጽ በገዛ እጇ ልቅም አድርጋ አጽድታዋለች። በዚያው ገጽ «ስድስት ዓመቷ» የሚለው ተሰርዞ ከጎኑ 3 ተጽፏል፤ 3 የስህተት ብዛት አልነበረም። ደራሲው ስድስት ዓመቷ ነበር ባለ ቁጥር አባቷ ሦስት እያለ ነው የሄደው። እህት ነበረችው። ሰማንያ ዓመት በአፉ ያልወጣውን በአንድ ሌሊት በሚያውቀው መንገድ፣ ስህተት በማረም፣ ተናግሮት ነበር፤ እሷ ደግሞ ዓይኑ እያየ ላጠፋው ነው ብላ ይዛው ወጣች። ጠዋት ቀና ያለው ለዚህ ነበር።

ዶክተር የሆነ ነገር እንደደረሰባት ሲገባው ምንም ሳይጠይቅ የሥራ መብራቱን ወደ ባንኮኒው አመጣላት፤ የሌንስ ጭረት የሚያይበትን ትልቁን ማጉያም አቀበላት። ገጾቹን በብርሃኑ ላይ አጋድማ እርሳሱ ያሰረጎደውን ፈለገች። አንድ ቦታ «መስኮት አልነበረውም» የሚል አገኘች። ሌላ ቦታ «ውሃ» የሚል፤ ከውሃው በፊትና በኋላ ያለው አይነበብም። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ የነበረ ረጅም ጽሑፍ ከወረቀቱ ቃጫ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። እጁ ቀሊል ነው። ትንሽ ጠንከር አድርጎ ቢጽፍ ምን ነበረበት? ዶክተር ከአጠገቧ ቆሞ ማጉያውን ያዘላት፤ ሲደክመው እጁን ቀየረ፤ በዚያ ረፋድ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀኑን ግማሽ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

የሚጣ መምህር የጠመኔ ብናኝ ከእጅጌው የማይጠፋ ወጣት ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ከደብተር ክምር ጀርባ፣ ምሳውን በማንኪያ እየበላ አገኘችው። ሳትቀመጥ ነው መናገር የጀመረችው፤ ስትጨርስ ማንኪያው ምሳ ዕቃው ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። የመቶ አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ኅዳግ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ የሆዱን ነገራት። በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ከወላጆች ሁለት ደብዳቤ መጥቶበታል፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ልጃችን እንቅልፍ አጣ የሚል። ረዳት ርእሰ መምህሯም ስለ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ፈልግ ብለውታል። የተከራከረው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ስለ ሆሎኮስት ቁጥር ሲነግራቸው ልጆቹ ጽፈው ይረሱታል፤ ሚሊዮን ለእነሱ ሒሳብ ነው። ስለ ሁለት ልጆች ሲያነብላቸው ግን ማንም አይንቀሳቀስም። ታዲያ ጨለማው ውስጥ ካስገባኋቸው መውጫ በርም ማሳየት አለብኝ ብሎ ነው ይህን የመረጠው። ሰዎቹ ከብዷል ሲሉት፣ የሚጣ አያት ደግሞ ቀሏል ብለው አርመውታል።

«አባትዎ… መጥተው ለልጆቹ ቢነግሯቸው?» አለ በቀስታ።

«ለእኔም አልነገረኝም።»

መምህሩ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ገለጠው። ሦስት ገጽ ነው፤ በሦስቱም ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮባቸዋል፤ ከጎን «አልተመለሰችም» ተብሎ ተጽፏል። «ሰርዘውታል» አለ። «እንግዲህ ምን ታንብብ? ያለውን ታንብብ ካልን እሳቸውን ሐሰተኛ ማድረጋችን ነው። እሳቸው ያሉትን ታንብብ ካልን ደግሞ… ልጅ ናት። እርስዎ የሚሉትን አደርጋለሁ።»

እናትየዋ እንዲህ ዓይነት ነገር ወስና አታውቅም። መጽሐፉን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ያኔ ነው ያየችው። ከመስመሮቹ ሥር፣ ከእያንዳንዱ ቃል በታች፣ ነጠብጣብ አለ። በሥራው ወግ ከሆነ አንቀጽ ለመመለስ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ነጥብ ይበቃል። እሱ ግን ሦስቱን ገጽ ሙሉ፣ ቃል ሳይዘል፣ እህትየው ከባቡር ስትወርድ፣ ቁልፉን ሲያይ፣ ስሙን ስትጠራው፣ ሁሉም ሥር ነጥብ በነጥብ አስቀምጧል። ሽማግሌው ይህን ሲጨርስ ነግቶበት ይሆናል። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ይቆይ ይላል» አለች ለመምህሩ። የነጠብጣቡን ትርጉም ነገረችው። መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ሚጣ ስታነብ እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ክፍሉ ሙቀት አለው፤ የልጆች ላብና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ባቡር ሲባል «ቹ ቹ» እያለ ክፍሉን ያስቅ የነበረው ልጅ ዛሬ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ሚጣ ቀስ ብላ አነበበች። ድምፅዋ የተለማመደችው ቦታ ላይ አልተንቀጠቀጠም፤ ጭራሽ ደረቀ። እናቷ ወደ እጇ ስትመለከት አውራ ጣቷ ኅዳጉ ላይ፣ «አልተመለሰችም» የሚለው ቃል ላይ፣ ጥብቅ ብሎ አርፏል። እስኪያልቅ አላነሳችውም።

ስትጨርስ ያ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በእውነት ተገናኝተዋል?»

መምህሩ እናትየዋን አየት አድርጎ መለሰለት። «በመጽሐፉ ተገናኝተዋል። በእውነቱ ብዙዎቹ አልተገናኙም።» ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ሲወጡ መምህሩ መጽሐፉን ወረቀት ጠቅልሎ ለእናትየዋ ሰጣትና ጠፋብኝ እላለሁ አላት።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ሁለት መንገድ ካቋረጡ በኋላ ሚጣ እናቷን ጠየቀቻት።

«አያዬ እህት ነበረችው?»

«ነበረችው።»

«ስሟ ማነው?»

«አላውቅም።»

ሚጣ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አላውቅም ሲል ሰምታ የማታውቅ ይመስል። ከዚያ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ መንገድ ላይ እጅ መያዝ ትታ ነበር።

ሽማግሌው እዚያው መስኮቱ ሥር ነበር። የአሥር ሰዓት ፀሐይ የጠረጴዛውን ግማሽ ይዞታል። ሚጣ አጠገቡ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችውና ወደ ክፍሏ ገባች። እሱ በዓይኑ ሸኛትና አነበበች ወይ ብሎ ልጁን ጠየቃት። እስከ መጨረሻው አነበበችው ብላ መለሰችለት። ራሱን ነቀነቀ። እናትየዋ መጽሐፉን ከወረቀቱ ፈትታ ፊቱ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አጥፍቼዋለሁ» አለችው። «እስከ መቶ አሥራ ስምንት። የፊደል ግድፈት መስሎኝ። አላነበብኩትም።»

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ አንዳንዱ ላይ ጣቱን በኅዳጉ አሳለፈ። ከመጽሐፉ ስፌት መሐል የቀረ የላጲስ ፍርፋሪ ሲያገኝ እፍ አለው። በመጨረሻ፣ የማተሚያ ቤቱን ጀማሪ ሥራ እንደሚገመግም ሰው፣ «ንጹሕ ነው» አለ። «ደህና አጽድተሽዋል።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ግን ለዚህ ነገር የተሠራ አልመሰላትም። ተነሥታ የራሷን ወንበር ጎትታ ከጠረጴዛው ግራ፣ ከድሮው ቦታዋ፣ ተቀመጠች። ከአባቷ የሸሚዝ ኪስ እርሳሱን አወጣች፤ አልከለከላትም። መጽሐፉን ከገጽ አንድ ከፈተችና ድምፅዋን እንደዚያ ዘመን አንድ ዓይነት አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ሰዓት ሠሪው ሁለት ልጆች ነበሩት አራት ነጥብ። ወንድየው አሥር ዓመቱ ነበር ነጠላ ሰረዝ እህቱ ደግሞ ስድስት ዓመቷ አራት ነጥብ።»

እዚህ ላይ ቆመች። የእርሳሱን ጫፍ ኅዳጉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ ደጅ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አውርዶ ሄደ። ከንፈሩ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቁጥሩን ተናገረ፤ በዚያ ለደረጃ፣ ለስኳርና ለክኒን ብቻ በሚያወጣው ቋንቋ፣ ሕፃን በጣቷ እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብሎ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ እዚያ ላይ አቆመ።

እሷም 3 ብላ ጻፈች። እርሳሱን ጠንከር አድርጋ ያዘችው።

ሌላ ይጨምር እንደሆነ ጠበቀች። አልጨመረም። ፀሐዩ ከጠረጴዛው ላይ ሸሽቶ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ «ቀጥዪ» አላት።